ማሽኑ ከመወቀሱ በፊት፦ ስለ እቃ ማጠቢያ ማሽን ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከመሐል ከተማ የደረሱን ጥያቄዎች ስለ እቃ ማጠቢያ ማሽን ናቸው። አብዛኞቹ ውስጥ «ቦርዱ ተቃጥሏል ተባልኩ» ወይም «ማሽኑ ለእኛ አገር አይሆንም ተባልኩ» የሚል አለ። ሁለቱንም ቶሎ አትቀበሉ። ቦርድ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ውድ ነው፤ ከመቀየሩ በፊት የሚገባው ውሃ፣ የሚመጣው መብራትና ታች ያለው ወንፊት ይታዩ። ሦስቱንም ባለሙያ ሳይጠራ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ማሽኑን ስከፍተው ለጥቂት ደቂቃ ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ የቧንቧ ምልክት ያበራና ይቆማል። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ምንም ሳይል አጥቦ ይጨርሳል። ያየው ባለሙያ ቦርዱ ነው አለኝ። ውሃ ሳይመጣ ሲቀር በባልዲ ብሞላለትስ?

መልሱ ጥያቄዎ ውስጥ አለ። የተቃጠለ ቦርድ ቀን መርጦ አይሠራም። እነዚያ ሁለት ቀኖች ውሃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ ቀኖች መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከሆኑ ማሽኑ ደህና ነው፤ በቀሩት ቀናት የሚጠቀሙት የሮቶ ውሃ ግፊት አንሶት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ በትክክል የሚሠራው ውሃው በተወሰነ ኃይል ሲገፋው ነው። ዝቅተኛው ልክ በማሽኑ መመሪያ ላይ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ሆኖ ማሽኑ ካለበት በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል የሚያገኙት 0.3 ባር ነው፤ ከዚያም ላይ ቧንቧው፣ ክርኖቹና መዝጊያዎቹ ይቀንሱበታል። ከታች ፎቅ ያለ ጎረቤትዎ ከዚያው ሮቶ እየተጠቀመ ተመሳሳይ ማሽን ያለ ችግር ቢሠራለት አይግረምዎ፤ እሱ ጋ ሲደርስ ውሃው ብዙ ሜትር ወርዷል።

ግምት ሳይሆን ልኬት እንዲኖርዎ የማሽኑን ጎማ ከቧንቧው ይፍቱና ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር ያድርጉ። ሙሉ በሙሉ ከፍተው በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። በአንድ ደቂቃ ገደማ ከሞላ ውሃው በቂ ነው። ሦስት ደቂቃ ከፈጀ ማሽኑ ታግሦ አይጠብቅም፤ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ «ውሃ የለም» ብሎ ያቆማል።

ጎማውን ከፈቱ አይቀር ጫፉን ይመልከቱ። ከማሽኑ ወይም ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሳንቲም ያህል ስፋት ያላት ወንፊት አለች። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስ፣ ወይም ተቋርጦ የቆየ መስመር ተመልሶ ሲከፈት፣ ዝገትና ደቃቅ አሸዋ እዚህ ይጠራቀማል። በፒንሳ ቀስ ብለው ያውጧት፣ አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፏት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሽተው ይመልሷት። ወንፊቷ ከተቀደደች በአዲስ ይተኳት እንጂ ያለ እሷ አያስኬዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቫልቩ እንዳይዘጋ ብታደርገው ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ውሃ መግባቱን ይቀጥላል። ሲመልሱ የጎማው ላስቲክ ቦታው ላይ መሆኑን አይተው በእጅ ያጥብቁ፣ ውሃውን ይክፈቱ፣ ከዚያም ደረቅ ሶፍት አዙረው ይያዙበት። ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል።

ወንፊቷ ንጹሕ ሆና ጀሪካኑ አሁንም ከዘገየ የሚያስፈልግዎ ከሮቶው መውጫ ላይ የሚገጠም ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው። ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሣ፣ ግፊቱም 1.5 ባር አካባቢ የሚስተካከል ይሁን። ሮቶው ባዶ ሲሆን ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ይግዙ፤ አለበለዚያ ውሃ በጠፋበት ቀን ፓምፑ በደረቁ ሲዞር ይቃጠላል። ከከተማው መስመር በቀጥታ እንዲስብ ግን ፈጽሞ አያስገጥሙት። የጎረቤትን ውሃ መውሰድ ነው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ከየስንጥቁ ቆሻሻ ይስባል።

በባልዲ ስለመሙላት ብዙ ሰው ጠይቆናል። ማሽኑ በአንድ ፕሮግራም ከ10 እስከ 12 ሊትር የሚጠቀመው በአንዴ ሳይሆን ከ3 እስከ 4 ሊትር እየሞላ፣ እየደፋ፣ እንደገና እየሞላ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ቢሞሉለት ሁለተኛው ላይ ይቆማል። የገባውን ውሃ በቆጣሪ የሚለኩ ማሽኖች ደግሞ በበር የተደፋውን ጨርሶ አይቆጥሩትም። ውሃ በሌለበት ቀን እቃውን በእጅ ማጠብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ታች ሁለት ጣት የሚያህል ቆሻሻ ውሃ ተኝቶ አገኛለሁ። እቃውም ላይ ጥቃቅን ነገር ተለጥፎ ይቀራል።

ከወንፊቱ በታች ባለችው ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ውሃ መቅረቱ ጤነኛ ነው፤ ላስቲኮቹ እንዳይደርቁ ሆን ተብሎ የሚተው ነው። ከወንፊቱ በላይ ወጥቶ ወለሉ ላይ ከተኛ ግን መውጫው ታንቋል።

ሶኬቱን ይንቀሉ፣ የታችኛውን መደርደሪያ ያውጡ፣ ውሃውን በስኒና በስፖንጅ ይጭለፉ። መሐል ያለውን ሲሊንደር ወደ ግራ አዙረው ይሳቡት። ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ ትልልቁን የሚይዘው፣ ደቃቁን የሚይዘው ጥቅጥቅ ያለ መረብ፣ እና ዙሪያውን የሚተኛው ዝርግ ወንፊት። የኛን ቤት ወንፊት የሚዘጋው በመመሪያው ላይ የተሳለው የዳቦ ፍርፋሪ አይደለም። እንጀራ ነው። ሳህን ላይ የቀረች የእንጀራ ቁራሽ በሙቅ ውሃ ስትመታ ፈርሳ ሊጥ ትሆናለች፤ ሊጡ መረቡን እንደ ቅባት ይለቀልቀዋል። መብራት ላይ አንሥተው ሲያዩት ቀዳዳዎቹ ብርሃን የማያሳልፉ ከሆነ አገኙት ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃና በላርጎ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ ብረት ማሻሻ መረቡን ይቀድዳል። ወንፊቱን ከመመለስዎ በፊት ላርጎው እስኪለቅ በደንብ ያለቅልቁት። በየቀኑ እንጀራ በሚበላበት ቤት ይህ በሳምንት አንዴ ይደረግ።

ወንፊቱ ወጥቶ ሳለ ጓንት ያድርጉና እጅዎን ወደ ጉድጓዷ ይላኩ። የተሰበረ ብርጭቆ ሊኖር ስለሚችል ጓንቱን አይተዉት። በአንዱ ጎን ትንሽ የላስቲክ ክዳን አለች፤ በማንኪያ እጀታ ወይም በካቻቢቴ ትነሣለች። ከኋላዋ የፍሳሽ ፓምፑ መዘውር ይታያል። በጣትዎ ያዙሩት። በለስላሳው ሳይሆን እየዘለለ፣ እየያዘና እየለቀቀ ከዞረ ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ማግኔት ስላለ ነው እንደዚያ የሚሆነው፣ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደነግጡ። ጨርሶ ካልዞረ አንድ ነገር ይዞታል። የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የሎሚ ፍሬ፣ ስቴኪኒ፣ የአጥንት ስንጣሪ ወይም የጠርሙስ ልጣጭ ወረቀት ነው። ያውጡት፣ ክዳኗን ጠቅ እስክትል ይመልሷት። ክዳኗ ካልገጠመች ፓምፑ ውሃውን መልሶ እዚያው ያዞረዋል።

ፓምፑ ነጻ ሆኖ ውሃው ካልወጣ ችግሩ ከማሽኑ ውጭ ነው። የፍሳሽ ጎማው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ታጥፎ ይሆናል። ሲንኩም ውሃ እያዘገየ ከሆነ ሲፎኑ በረጋ ቅቤና በቡና አተላ ተዘግቷል፤ ሲፎኑን ፈትቶ ማጽዳት ነው። ማሽኑ አዲስ ተገጥሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላፈስ ካለ ደግሞ ጎማው የሚሰካበትን የሲፎን አፍ ይዩ፤ ከፋብሪካ በፕላስቲክ ተደፍኖ ስለሚመጣ ገጣሚው ሳይቆርጠው ረስቶት ሊሆን ይችላል። የቦሽ ማሽን ያላችሁ «ኢ24» ወይም «ኢ25» የሚል ቁጥር ካያችሁ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

እቃው ላይ የሚለጠፈው ጥቃቅን ነገር ውሃ ከሚረጩት ክንፎች ጋርም ይያያዛል። ክንፎቹን ነቅለው ጆሮዎ አጠገብ ያወዛውዟቸው፤ ከተንሿሿ ውስጡ ገብቶ የቀረ አለ። የጥብስ ቅጠል በተለይ ቀዳዳዎቹን ልክክ ብሎ ይዘጋል። በስቴኪኒ ወደ ውጭ ይሳቡት እንጂ ወደ ውስጥ አይግፉት።

ጥያቄ፦ የማሽኑ ሳሙና አልቆብኝ አንድ ማንኪያ ላርጎ ጨመርኩ። አረፋው በበሩ ሞልቶ ወለሉን አለበሰው። አበላሸሁት?

አላበላሹትም፣ ግን አይድገሙት። ላርጎ አረፋ እንዲያወጣ የተሠራ ነው፤ የማሽን ሳሙና እንዳያወጣ። ፓምፑ ውሃ እንጂ አረፋ መግፋት ስለማይችል እቃውም አይታጠብም፣ አረፋውም በበሩ ያመልጣል።

ማሽኑን ያቁሙና በሩን ከፍተው አረፋው እስኪወርድ ይጠብቁ። የቻሉትን በፎጣ ይዝቁ። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ማሽኑ ውስጥ ወለሉ ላይ አፍስሰው ማፍሰሻውን ብቻ ያስኬዱ፤ ዘይት አረፋን ይገድላል። በቀዝቃዛ ማለቅለቂያ አንድ ሁለት ጊዜ ይድገሙ። የማሽኑ ሳሙና እንክብል ካለቀ እስኪገዙ ድረስ በሙቅ ውሃ ብቻ ማጠብ ይሻላል። የልብስ ዱቄትም ያው ነው፣ አይሞከር።

ጥያቄ፦ ካዛንችስ። ብርጭቆዎቼ ጭጋግ የለበሱ ይመስላሉ። ጨው ጨምሪ አሉኝ። የወጥ ጨው ይሆናል? አሞሌስ?

መጀመሪያ ጭጋጉ ምን እንደሆነ እንለይ። ጥጥ በአቼቶ አርሰው ብርጭቆውን በአንድ ቦታ ለሁለት ደቂቃ ይሹት፣ ያጥቡ፣ ያድርቁ። ያ ቦታ ከጠራ ጭጋጉ ከውሃው የተረፈ ኖራ ነው፤ መፍትሔ አለው። ካልጠራ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል። ይህ አይመለስም፤ የሚመጣውም ሳሙና ሲበዛና ሙቀቱ ሲያይል፣ በተለይም ውሃው ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድኑ ያነሰ ሲሆን ነው። ለቀሩት ብርጭቆዎች የ45 ወይም የ50 ዲግሪ ፕሮግራም ይጠቀሙ፣ የሳሙናውንም መጠን ይቀንሱ።

ኖራ ከሆነ የውሃው ጥንካሬ ይታይ። የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም፦ ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ የዝናብ ውሃ ያጠራቀሙ ግድቦች ናቸው፤ የአቃቂው ከጉድጓድ ይወጣል። የጉድጓድ ውሃ በአለት መሐል ሲጓዝ ማዕድን ስለሚይዝ ከግድብ ውሃ ይጠነክራል። ቤትዎ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ በሰፈር ስም አይገምቱ። ከማሽኑ ጋር የመለኪያ ወረቀት መጥቶ ከሆነ ውሃ ውስጥ አንዴ ነክረው ቀለሙን ያንብቡና ማሽኑን በዚያ ልክ ያስተካክሉ። ወረቀቱ ከሌለ የሻይ ማንቆርቆሪያዎን ውስጥ ይዩ። ነጭ ቅርፊት ካበጀ ውሃዎ ጠንካራ ነው፤ ለዓመታት አገልግሎ ንጹሕ ከሆነ ጨው ላያስፈልግዎ ይችላል።

የወጥ ጨው አይሆንም። ደቃቅ ስለሆነ ይጋገርና ማጣሪያውን ይዘጋል፤ እንዳይጋገር ተብሎ የሚጨመርበት ነገርም አለ። አሞሌ አፈርና ሌላ ማዕድን አብሮት ስላለ ይብሳል፤ ጨው የሚጨመረው ከውሃው ማዕድን ለማስወጣት ሆኖ ሳለ አሞሌ ሌላ ማዕድን ያስገባል። የሚሆነው ለማሽን የተዘጋጀው ንጹሕና ጠጠር መሳዩ ጨው ብቻ ነው። የማሽኑን የጨው መያዣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞሉ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ከዚያም ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ጨው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይጨመርም፣ ጨው ብቻ። ሲሞሉ የሚፈሰው የጨው ውሃ ብረቱን ስለሚያዝገው ማጠብ ልትጀምሩ ስትሉ ሙሉት እንጂ ማታ ሞልታችሁ አትደሩ።

ማሽኑ ውስጥ የተጋገረውን ኖራ ለማንሣት 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ወለሉ ላይ በትነው ባዶውን በሙቅ ፕሮግራም ያስኪዱ። አደራ፣ በረኪና አይጨመርበት። በረኪናና አሲድ፣ ወይም በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና ብቻውንም የማይዝገውን ብረት ይበሳዋል።

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ። ማታ ማታ ሳጥብ የወጥ ቅባት አይለቅም፤ ፕሮግራሙም ከቀኑ ይረዝማል። ፕላስቲኮቹ ሁሉ ቀልተዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ አይሞቅም የሚሉት እውነት ነው?

ከፍታው እዚህ የለበትም። በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማሽኑ የሚፈልገው ቢበዛ 70 ነው።

ማታ የሚለየው መብራቱ ነው። ሁሉም ሰው ምድጃ ሲከፍት ቮልቴጅ ይወርዳል፣ የማሞቂያው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ይወድቃል። በ220 ቮልት 1,800 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ በ180 ቮልት 1,200 ብቻ ይሰጣል። አራት ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ 7 ደቂቃ የሚበቃው አሥር ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል፤ እቃውንና ብረቱን ማሞቁ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። አንዳንድ ማሽን እስኪሞቅ ይጠብቃል፣ ሌላው ጊዜው ሲያልፍ ሳይሞቅ ያልፋል። ከተቻለ ማለዳ ወይም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ይጠቡ። ስታቢላይዘር የሚገዙ ከሆነ 5 ኪሎ ቪኤ ይሁን፤ የቴሌቪዥኑ ትንሹ ስታቢላይዘር ይቃጠላል።

የእንጀራ ምጣድና ማሽኑ በአንድ ጊዜ አይከፈቱ። ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ወይም 16 አምፔር ይስባል፣ ማሽኑ 9 ይጨምርበታል። ማሽኑም በማከፋፈያ ሳይሆን በራሱ ሶኬት፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦና መሬት ባለው መስመር ይሰካ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ያህል ተነቅሎ ይቆይ።

ቀይ ወጥ የተበላበት ሳህን በ65 ወይም በ70 ዲግሪ ይታጠብ። ከማስገባትዎ በፊት ቅባቱን በሶፍት ይጥረጉት። ሽሮ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅ፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ሳህኑ ላይ ይበስላል። የቀላው ፕላስቲክ ታጥቦ አይጠራም፣ ምክንያቱም የበርበሬው ቀለም ከቅባቱ ጋር ወደ ውስጥ ሰርጿል። ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ቀን ያስጡት፤ ያንን ቀለም ብርሃን ያደበዝዘዋል።

ጥያቄ፦ ጀበናና ሲኒ ማስገባት ይቻላል? የብረት ድስቴም ጠቁሮ ወጣብኝ።

ጀበና አይገባም፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ቡናው ላይ ይመልሰዋል። የወርቅ ቅብ ጠርዝ ያለው ሲኒ ይነጣል፣ ተራው ሲኒ ግን ይገባል። የቡና ዝገት ካልለቀቀ ፈሳሹን ሳሙና ትተው በዱቄቱ ወይም በእንክብሉ ይጠቡ፤ ፈሳሹ የሚያነጣው ንጥረ ነገር የለውም። የጠቆረው ድስትዎ አሉሚኒየም ነው። ሎሚ ጨምረው ውሃ ቢያፈሉበት ይፈካል፣ ዳግመኛ ግን አያስገቡት።

ጥያቄ፦ ማሽኑን አጥፍቼው እንኳ ውስጡ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ይሰማል፤ «ኢ15» ይላል። ሶኬቱን ካልነቀልኩ አይተውም።

ማሽኑ የሚያደርገው ትክክል ነው። ከሥሩ ትሪ አለ፤ ትሪው ውስጥ ውሃ ሲገባ ተንሳፋፊ ፎም ከፍ ይልና ፓምፑ ቤትዎ እንዳይጥለቀለቅ ያለማቋረጥ ይሠራል። ቧንቧውን ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ማሽኑን ወደ ኋላ በ45 ዲግሪ ያዘንብሉት፣ የሚፈሰውን በፎጣ ይቀበሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

ተመልሶ ከሠራ ደስ ብሎዎ አይተዉት፤ ውሃው ከየት እንደገባ ይፈለግ። አረፋ ከነበረ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ በውሃ ልክ ተለክቶ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ የተጠራቀመው ቅባት ይጠረግ፣ ረጅም ትሪም ክንፉን አግዶ ውሃውን ወደ በሩ እንዳይመልሰው ይታይ። ሁሉም ደህና ሆኖ በሳምንት ውስጥ ትሪው እንደገና ከሞላ ከሥር ያለ ጎማ ወይም የፓምፕ ላስቲክ ያፈስሳል። ያኔ ባለሙያ ይጠሩ፤ ሲመጣ የጎን ክዳኑን ከፍቶ፣ ማሽኑ ውሃ እየሞላ ሳለ በባትሪ እያበራ ጠብታው የሚወርድበትን ቦታ ያሳይዎት። ቦታው ሳይታይ እቃ አይቀየር።